ጾሙን ማን ደበቀብን? የእቴጌ ጣይቱ ሕይወትና የሰንጠረዥ ትምህርት



ዐምና በጥር ወር ያደረግነውን አባላት ሁሉ ታስታውሳላችሁ። በገና ሰሞን የወተት ዋጋ ጥሩ ነበር፤ ነጋዴዎችም ከአዲስ አበባ ሰንዳፋ ድረስ እየመጡ ተጨማሪ ወተት ይጠይቁን ነበር። ማኅበራችንም የአባላቱን ወተት በአንድ ቁርጥ ዋጋ ለስድስት ወር ሊረከብ ተስማማ። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ገቢውን በአንድ በኩል፣ ወጪውን በሌላ በኩል አስቀምጬ፣ ትርፉን ከታች አስምሬበት አቀረብኩ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ቀነሱ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀሩ፤ ወተቱ ግን ጧትና ማታ መምጣቱን አላቆመም። ናጥን፣ ቅቤ አወጣን፣ ለፋሲካ ሸጠን የጉድለቱን የተወሰነ ክፍል ሸፈንን። የቀረው ከመጠባበቂያው ገንዘብ ወጣ።

ጾሙን ማንም አልደበቀብንም። በየዓመቱ ይመጣል፤ አብዛኞቻችንም እንጾማለን። ስሌቱን ስሠራ የቀን መቁጠሪያው ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ታዲያ እንዴት አላየሁትም? መልሱን ያገኘሁት ከልጄ ጋር ቼዝ ስጫወት ነው። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፤ ጨዋታውን ትምህርት ቤት ተምራ መጥታ እኔንም አስተማረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ታሸንፈኛለች። የምሸነፈው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። እኔ ልሄድ ያሰብኩትን ብቻ አያለሁ፤ እሷ አሁን የሄደችው ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። ስሌቱንም የሠራሁት እንዲሁ ነበር።

በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ለመጽሔታችን ስለ አንዲት ሰንጠረዥ ያውቁ ስለነበሩ ታላቅ ሴት ልጽፍ ወሰንኩ። እሳቸውም እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በገና መደርደር፣ ግእዝ ማንበብና ቅኔ መረዳት ከመቻላቸው ጋር ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ሕይወታቸውን ከዚህ አንጻር ስመለከተው፣ አደጋንና ዕድልን ቀድሞ ማየት ምን እንደሆነ በደንብ ገባኝ። እሳቸውም አንድ ጊዜ ሳያዩ ቀርተው ምን እንደደረሰባቸው ጭምር።

ሰንጠረዥ ምን ዓይነት ጨዋታ ነበር?

ሰንጠረዥ በአገራችን ከቼዝ በፊት የነበረ፣ ከቼዝም ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ ተመልክቶ ጽፎላቸዋል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን ቤቶቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ይለያሉ እንጂ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ሆነው አይፈራረቁም። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ጠጠር ፈርዝ ይባላል፤ እሱም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ ደካማ አማካሪ ነበር። ይህ ጠጠር በአውሮፓ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ንግሥት ሆኖ ከሁሉ የበረታ ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን እንደ ድሮው ቀረ።

ሰንጠረዥን ከሌሎች ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። በቼዝ አንዱ ከሄደ በኋላ ሌላው ይሄዳል። በሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። እጅ የራስን ጠጠር ያንቀሳቅሳል፤ ዓይን ግን ከባላጋራው እጅ አይነቀልም። እሱ ፈረሱን ወደ ቀኝ ካመጣ የእኔ ሰልፍ ይለወጣል። የራሱን ሰልፍ ብቻ እያሳመረ የቆየ ሰው፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የነቃ ያህል ነው።

ሌላም ልማድ ነበረው። ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ አሽከሩም ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል። ይህን ነገር አስታውሱልኝ፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከሰሜን የመጡት ልጅ

እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም እና ከወይዘሮ የውብዳር ተወለዱ። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን የገዙ ኃያል ሰው ነበሩ። እኚህ ኃያል አጎት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በአንድ ቀን ውጊያ በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ፤ አሸናፊውም ወዲያው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ስለዚህ ጣይቱ ያደጉት ትልቅ ቤት በአንድ ቀን እንዴት እንደሚፈርስ በሚያውቅ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ብዙ ሴት ልጆች ፊደል በማይማሩበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ቀደም ብለው የገቡባቸው ትዳሮች አልሰመሩላቸውም። በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ሲጋቡ በዕድሜም በልምድም የበሰሉ፣ የሰውን ፊት ማንበብ የሚያውቁ ሴት ነበሩ።

ከአንኮበር የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ እንጦጦ ዞረ። እንጦጦ ለጥበቃ የተመቸ ከፍታ ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ብርድና ነፋስ አለው፤ ማገዶውም እየተመናመነ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር ሲዘምቱ ጣይቱ ከተራራው ሥር ያለውን ሜዳ አዩ። ፍል ውኃ አለ፣ አየሩ ለስላሳ ነው፣ ቦታው ሰፊ ነው። ከፍል ውኃው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ተከትለው ቦታ እየተመሩ መሥራት ጀመሩ። ብዙ ሰው ያንን ሜዳ ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል ሲያየው ኖሯል። ዕድል ማየት ማለት አዲስ ነገር ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ ፊት ለፊት የነበረውን ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል መጠየቅ ነው።

በጽሑፍ የመጣው አደጋ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። ጥቂት ወራት ዘግይቶ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተቀቡ፤ ጣይቱም በዚያው ሳምንት እቴጌ ሆነው ዘውድ ጫኑ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻላታል የሚል መልክ ነበረው፤ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጽፏል። ሮማም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ይህ በቼዝ ቋንቋ ጸጥ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ምንም ጠጠር አልተበላም፤ ጦርም አልተነሣም። አንድ ጠጠር አንድ ቤት ተጠጋ እንጂ ሌላ ነገር አልታየም። ልምድ የሌለው ሰው ምንም አልሆነም ብሎ ወደ ራሱ ሐሳብ ይመለሳል። በ1883 ዓ.ም. የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ለማስታረቅ አዲስ አበባ ሲመጣ እቴጌ ጣይቱ በድርድሩ ውስጥ በግልጽ ገቡ። የቀረበውን የማለዘቢያ ቃል ሁሉ አልተቀበሉም፤ ቃሉ ምንም ያህል ቢለሰልስ መጨረሻው ወደ አንድ ቦታ እንደሚያደርስ አይተዋልና። የኢጣሊያ መልእክተኞች ከንጉሡ ይልቅ እሳቸውን ትልቁ እንቅፋት አድርገው ጽፈዋል። አንቶኔሊ ያለ ውጤት ተመለሰ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ።

ከ1881 እስከ 1888 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ልክ እንደ ሰንጠረዥ አጀማመር ነው። ሁለቱም ወገን ሳይዋጉ ያሰልፋሉ። ኢጣሊያ ከምፅዋ ተነሥታ ወደ ደጋው ትገፋለች፣ መኳንንቱን ለመለያየት ትሞክራለች። ኢትዮጵያም መሣሪያ ትገዛለች፣ የክፍላተ ሀገር ገዥዎችን ታስማማለች። ሁለቱም የሌላውን እጅ ያያሉ። መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁ ታወጀ፤ በጥቅምት ወር ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ተነሡ። እቴጌ ጣይቱ በራሳቸው ሥር ሺዎች ወታደሮች ነበሯቸው።

የመቀሌ ውኃ

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ኢጣሊያ ተሸነፈች። ቀጥሎ የመጣው የመቀሌው ምሽግ ነበር፤ እንዳ ኢየሱስ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ ከአንድ ሺህ በላይ ወታደሮች ይዞ መሽጓል። ግንቡ ወፍራም ነው፣ መድፍ አለው። የእኛ ሰዎች ፊት ለፊት እየሮጡ ብዙ ሰው ወደቀ። ግንቡን ባዩት ቁጥር ግንቡን ለመስበር መፈለግ የሰው ጠባይ ነው።

እቴጌ ጣይቱ ግን ግንቡን አልፈው ሌላ ነገር አዩ። ምሽጉ የሚጠጣው ውኃ ከግንቡ ውጭ ነበር። ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ ከራሳቸው ጦር 900 ያህል ሰዎች ሰጥተው ምንጩ በሌሊት እንደተያዘ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ግንቡን መምታት አላስፈለገም። የውስጡ ሰው በጥም ደከመ፤ በጥር ወር አጋማሽ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ።

ቼዝ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ጠባቂውን ማንሣት ይሉታል። ልትወስጂው የምትፈልጊው ጠጠር በሌላ ጠጠር ከተጠበቀ፣ ዓይንሽን ከሚጠበቀው አንሥተሽ ወደሚጠብቀው መልሺ። እሱን ካስወገድሽ ያኛው ብቻውን ይቀራል። ልጄ እኔን በዚህ ዘዴ ከአሥር ጊዜ በላይ በልታኛለች። እኔ የተጠበቀውን ጠጠር እያየሁ ተማምኜ እቀመጣለሁ፤ እሷ ግን የሚጠብቀውን ትፈልጋለች።

ብቻውን የቀረ ጠጠር

ከመቀሌ በኋላ ሁለቱ ጦሮች በዓድዋ አካባቢ ተፋጥጠው ቆዩ። ሁለቱም ስንቅ እያለቀባቸው ነበር፤ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ወገን ሰልፉን ያዛባል። የኢጣሊያው አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ከሮማ ግፊት በዛበትና 17 ሺህ ያህል ሰው ይዞ የካቲት 22 ለ23 ሌሊት ተንቀሳቀሰ። ጦሩ አራት ቦታ ተከፍሎ በጨለማ ተጓዘ። የቦታ ስም በካርታቸው ላይ ተምታቶባቸው የጄኔራል አልበርቶኔ ክፍል ከሌሎቹ እጅግ ርቆ ወደ ፊት ገባ። የጄኔራል ዳቦርሚዳም ክፍል ወደ ሌላ ሸለቆ ወረደ። በክፍሎቹ መካከል ክፍተት ተፈጠረ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው መድረስ አልቻለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በዚያ ክፍተት ገብቶ እያንዳንዱን ለየብቻ መታው።

በቼዝ መጀመሪያ የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ማንም የማይጠብቀውን ጠጠር ፈልጊ። በባላጋራሽ በኩል ካለ ዕድል ነው፤ በአንቺ በኩል ካለ አደጋ ነው።

እቴጌ ጣይቱ በዚያ ቀን በሰልፉ ውስጥ ነበሩ። ወታደሩ ወደ ኋላ ሲል እያደፋፈሩ ከማዋጋታቸው ሌላ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊው ውኃ አስቀዱ፣ ቁስለኛ አስነሡ። መቀሌ ላይ የጠላትን ውኃ ያዩ ዓይኖች ዓድዋ ላይ የወገንን ውኃ አልረሱም። በሰሌዳው በዚያኛው ወገን ያዩትን ድክመት ወዲያው ዞር ብለው በራሳቸው ወገን ፈለጉት። በ1889 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሻረ፤ ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች።

ሆቴልና ማኅበር

ከጦርነቱ በኋላ የነበረው የእቴጌ ጣይቱ ሥራ ለእኛ ለተቆጣቢ ሴቶች ይበልጥ ይቀርበናል። አዲስ አበባ የውጭ አገር ሰው በዝቶባት ማደሪያ ሲጠፋ፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ሆቴልን ከፈቱ። ያ ቤት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1898 ዓ.ም. በውጭ ሰዎች እጅ የሚመራው የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የአገር ገንዘብ በአገር ሰው ካልተያዘ ወዴት እንደሚያደርስ አዩ። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ መኳንንቱን አስተባብረው ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ ገንዘብ የሚያዋጣ የአገር ማኅበር አቋቋሙ። እኛ በየወሩ የምናዋጣው ገንዘብ መልኩ ቢያንስም ሐሳቡ ከዚያ የራቀ አይመስለኝም።

ያላዩት ጠጠር

ዐፄ ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ በተደጋጋሚ ታመሙ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣው ሕመም ደግሞ መናገር እስኪያቅታቸው ጣላቸው። የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌይቱ እጅ ወደቀ። ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ፣ ዳኙ። የሚያምኑት ደግሞ ዘመዶቻቸውን ነበር። ወንድማቸው ራስ ወሌ የጁን ይገዙ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ዘውዲቱ ለራስ ወሌ ልጅ ለጉግሣ ተድረዋል። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱም የራስ ወሌን የልጅ ልጅ ወይዘሮ ሮማነወርቅን አግብተው ነበር። በየአቅጣጫው ዘመድ ቆመ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የማይደፈር አጥር ነበር።

በቼዝ አንድ የታወቀ አወዳደቅ አለ። ንጉሡ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ከፊቱ ሦስት ወታደሮቹ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ወታደሮቹ አልተንቀሳቀሱም፣ ምንም ቀዳዳ የለም፤ ሁሉም ደኅና ይመስላል። ከዚያ የባላጋራው ግንብ በመጨረሻው ረድፍ ገብቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ ወደ ፊት እንዳይሸሽ የገዛ ወታደሮቹ ዘግተውበታል፤ ጨዋታው ያልቃል። የጠበቀው አጥር ነው መውጫ ያሳጣው።

በእቴጌ ጣይቱም ላይ የደረሰው ይህን ይመስላል። ዘመድ በበዛ ቁጥር ሌሎቹ መኳንንት ተገፋን አሉ። ያልተሾመው፣ የተሻረው፣ የፈራው ሁሉ ቀስ በቀስ በአንድ ላይ ቆመ። በተናጠል ቢሆን እያንዳንዳቸው ከእቴጌይቱ ጋር መስማማት ይችሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በዙሪያቸው ካሉት ዘመዶች ግን ይህን ደፍሮ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ወይም የነገራቸው ሰው አልተሰማም። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. እነ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ያሉበት ወገን ከጦሩ ጋር ተስማምቶ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለላቸው። ከዚያ በኋላ የተፈቀደላቸው የታመሙ ባላቸውን ማስታመም ብቻ ነበር። ሮማ የተጻፈውን አንድ ቃል ያዩ ሴት በገዛ ግቢያቸው የተጠጋጋውን አላዩም።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። እቴጌ ጣይቱም ወደ እንጦጦ ተመለሱ። ከዚያ ሆነው ራሳቸው የሰየሟትን ከተማ ቁልቁል እያዩ የቀሩትን ዓመታት በጸሎት አሳለፉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ከባላቸው አጠገብ ተቀብረዋል።

ዓይንን ማልመድ

ይህን ማየት ተሰጥዖ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ልጄ ስትጀምር ከእኔ አትሻልም ነበር። የተሻለችው በልምምድ ነው። በየማታው ትናንሽ ጥያቄዎች ትሠራለች፤ ጥቂት ጠጠሮች ተደርድረው በሁለት ወይም በሦስት እርምጃ ምን እንደሚገኝ የሚጠይቁ። ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። ግን በየቀኑ ነው፤ የተሳሳተችውንም በሳምንቱ ትደግመዋለች። ብቻውን የቀረ ጠጠር፣ ጠባቂው የተነሣበት ጠጠር፣ በገዛ ወታደሮቹ የተዘጋ ንጉሥ፣ በአንድ ፈረስ በአንድ ጊዜ የሚያዙ ሁለት ጠጠሮች፤ እነዚህን ደጋግማ ስላየቻቸው አሁን ሳትቆጥር ዓይኗ ያነሣቸዋል። እኛ የእጅ ሥራ የለመድን ሴቶች ይህ አይከብደንም። ሽሮ ሲያር ከሌላ ክፍል የምናውቀው አፍንጫችን ስለለመደ ነው።

ሌላው ያስተማረችኝ ነገር ሰሌዳውን ማዞር ነው። ግራ ሲገባት ተነሥታ በእኔ ወንበር በኩል ቆማ ታያለች። በእኔ ቦታ ብትሆን ምን እንደምታደርግ ካወቀች በኋላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እኔም አሁን እጄ ጠጠር ከመንካቱ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እሷ አሁን የሄደችው ምን ፈልጋ ነው? ከእኔ በኩል ማንም የማይጠብቀው የቱ ነው? ይህን ካነሣሁ የምተወው ቤት ምን ይሆናል? አሁንም እሸነፋለሁ፤ ግን ጨዋታው ይረዝማል።

ስለ መጪው ጉባኤ

ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ከመጠባበቂያው ገንዘብ ወፍጮ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ስሌቱን እንድሠራ ታዝዤአለሁ። ሐሳቡ መልካም ይመስለኛል፤ እህል በሚበዛበት አገር ወፍጮ ሥራ አያጣም። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ከገቢና ከወጪ ጎን ሦስተኛ ረድፍ አስምሬአለሁ። በዚያ ረድፍ የምጽፈው ሊመጣብን የሚችለውን ነው፤ መብራት ቢጠፋ፣ ሞተሩ ቢቃጠል፣ መለዋወጫ ቢጠፋ፣ በአጠገባችን ሌላ ወፍጮ ቢተከል፣ ክረምት ገብቶ የሰው ጎተራ ባዶ ሲሆን። ለእያንዳንዱም ምን ያህል ብር ማስቀመጥ እንዳለብን እጽፋለሁ። ማስቀመጥ ካልቻልን ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።

ረድፉን ብቻዬን ልሞላው አልችልም። እዚህ ላይ ያላልኳችሁን አንድ ነገር ልናገር። ዐምና በጥር ስብሰባ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር እጃቸውን አንሥተው ነበር። አጀንዳው በዝቶ ስለነበርና ስሌቱ ያለቀ ስለመሰለኝ ዕድል ሳንሰጣቸው ድምፅ ወደ መስጠት አለፍን፤ ያንን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። በፋሲካ ማግስት ቤታቸው ሄጄ ምን ሊሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ስለ ጾሙ ሊያስታውሱን ነበር። ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በሁላችሁ ፊት እጠይቃቸዋለሁ።

በድሮው ሰንጠረዥ ዙሪያ የቆመው ሁሉ ይመክር ነበር ብያችኋለሁ። አሽከሩ ንጉሡ ያላየውን ጠጠር ሊያይ ይችላል፤ ተቀምጦ የሚጫወተው ሰው ዓይኑ በራሱ ሐሳብ ተይዟልና። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ወደ ጉባኤው ስትመጡ አንድ አንድ ስጋት ይዛችሁ ኑ። መጻፍ የማትችሉ በቃል ንገሩኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ሐሳቡን የምትቃወሙም ቢሆን ዝም አትበሉ፤ የእናንተ ቃል በስሌቱ ውስጥ ገብቶ ይነበባል። ከሁሉ በፊት ዕድል የሚሰጠው ከኋላ ወንበር ለሚቀመጡት ይሆናል።

በጉባኤው እንገናኝ።